የዓይን ልምምድ በእርሳስ፣ በሲባጎና በፊደል ገበታ፦ ምን ይሻሻላል፣ እንዴትስ ይሠራል?

«መነጽርዎን በሁለት ሳምንት ይጣሉ» የሚል ቪዲዮ ያልደረሰው ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። አንዱ ዓይንን በክብ ማሽከርከር ያስተምራል፤ ሌላው መዳፍን አሙቆ ዓይን ላይ ማሳረፍን፤ ሦስተኛው ጭራሽ የማለዳ ፀሐይ ላይ ማፍጠጥን። ከዚህ ሁሉ ጫጫታ ጀርባ ግን በሕክምና ጥናት የተፈተነ የዓይን ልምምድ መኖሩ እውነት ነው። ችግሩ ሰዎች ልምምዱን የሚጀምሩት ልምምዱ ለማይመለከተው በሽታ መሆኑ ነው። ስለዚህ እርሳስና ሲባጎ ከማንሳታችን በፊት ይህን እናጥራ።

ልምምድ የሚደርስበትና የማይደርስበት

ሩቅ ማየት የሚቸግረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ከፊት ወደ ኋላ ረዝሟል። የአዋቂ ሰው ዓይን ርዝመት 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ሲጨመር የመነጽሩ ቁጥር ወደ 2.5 ወይም 3 ዳይኦፕተር (የመነጽር ጉልበት መለኪያ) ይጠጋል። የረዘመን ዓይን መልሶ የሚያሳጥር እንቅስቃሴ የለም። በቻይና ከ1963 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ ተማሪዎች በትምህርት ቤት በዓይናቸው ዙሪያ ያሉ ነጥቦችን በጣት ሲያሹ ኖረዋል። ሩቅ ማየት የሚሳናቸው ልጆች ቁጥር ግን በዚያው አገር እየጨመረ ሄደ እንጂ አልቀነሰም። ለውጥ ያሳየው ሌላ ነገር ነው፦ በጓንግዡ ከተማ በአንደኛ ክፍል ልጆች ላይ ተካሂዶ በ2015 በታተመ ጥናት፣ በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ከቤት ውጭ የሚያሳልፉበት ጊዜ ከተጨመረላቸው ልጆች መካከል በሦስት ዓመት ውስጥ ችግሩ የጀመራቸው 30 በመቶ ገደማ ናቸው። ካልተጨመረላቸው ደግሞ 40 በመቶ ገደማ። እንግዲህ ልጅዎ ገና መነጽር ካላስፈለገው ከማንኛውም የዓይን «ስፖርት» ይልቅ ደጅ ወጥቶ ኳስ መጫወቱ ይበልጣል።

ከ40 ዓመት በኋላ ጋዜጣን ከፊት እያራቁ ማንበብም በልምምድ አይመለስም፤ በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ በዕድሜ እየደደረ ስለሚሄድ ነው። የዓይን ሞራ፣ ግላኮማ፣ ትራኮማ የተወው ጠባሳ ደግሞ ሐኪም እንጂ ልምምድ አያገኛቸውም።

ታዲያ ልምምድ የሚያሻሽለው ምንድን ነው? የሁለቱን ዓይኖች ቅንጅት ነው። ቅርብ ያለ ነገር ስናይ ሁለቱም ዓይኖች እኩል ወደ አፍንጫ መዞር፣ ሌንሶቹም ለቅርብ መስተካከል አለባቸው። ይህን የሚያዝዘው አንጎል ነው፤ ትእዛዙም ሊሠለጥን ይችላል። ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ለመዞር የሚደክሙበት ችግር ባለሙያዎች ኮንቨርጀንስ ኢንሰፊሸንሲ የሚሉት ነው። ምልክቶቹን ብዙ ሰው ያውቃቸዋል፦ ጥቂት ገጽ ሲነበብ መስመሮቹ የሚንቀሳቀሱ ይመስላሉ፣ ፊደሉ ሁለት ይሆናል፣ ግንባር ያማል፣ እንቅልፍ ይመጣል፣ ያው መስመር ተመልሶ ይነበባል። ልጅ ከሆነ ሳያስበው አንድ ዓይኑን እየጨፈነ ወይም በእጁ እየሸፈነ ያነባል። ይህ ሰው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የምርመራ ሰሌዳ እስከ መጨረሻው መስመር ያነባልና «ዓይንህ ጤነኛ ነው» ተብሎ ሊመለስ ይችላል።

ማስረጃው ጠንካራ የሆነውም በዚሁ ችግር ላይ ነው። በአሜሪካ ከ9 እስከ 17 ዓመት ባሉ 221 ልጆች ላይ ተካሂዶ በ2008 በታተመ ጥናት፣ በክሊኒክ በባለሙያ እየተመሩ ቤትም የተለማመዱት ልጆች ከ12 ሳምንት በኋላ 73 በመቶ ያህሉ ድነዋል ወይም ተሻሽለዋል። ቤት ውስጥ በእርሳስ ብቻ የተለማመዱት 43 በመቶ፤ ለማስመሰል ብቻ የተዘጋጀ ልምምድ የተሰጣቸው 35 በመቶ። ቁጥሮቹን በሐቀኝነት እናንብባቸው፦ ብቻውን የተያዘ እርሳስ ከማስመሰያው ብዙም አልራቀም። ለዚህም ነው ከዚህ በታች እርሳሱ ባለሙያ እንደሚያሠራው፣ ከኋላው ሌላ ምልክት ተደርጎና ከሲባጎው ጋር ተጣምሮ የቀረበው። በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ከ300 በላይ ልጆችን ተከታትሎ የዓይናቸው ቅንጅት ቢሻሻልም የንባብ ፈተና ውጤታቸው ግን ከማስመሰያው ቡድን እንዳልበለጠ አሳይቷል። «ልጅዎ በዓይን ልምምድ ጎበዝ ተማሪ ይሆናል» የሚል ካጋጠመዎ ገንዘብዎን ይያዙ።

ከመጀመርዎ በፊት

መጀመሪያ ምርመራ። መነጽር የሚያስፈልገው ዓይን ያለ መነጽር ቢለማመድ ልፋት ብቻ ነው የሚያተርፈው። ምርመራውን የዓይን ሐኪም ወይም ኦፕቶሜትሪስት (እይታን መርምሮ መነጽር የሚያዝ ባለሙያ) ያደርገዋል። በአገራችን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦፕቶሜትሪስቶችን በዲግሪ ያሠለጥናል፤ አዲስ አበባ ላለ ሰው ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና የታወቀ ነው። በእንግሊዝ ወይም በእስራኤል የሚኖር ሰው ኦርቶፕቲስት የሚባለውን ባለሙያ መጠየቅ ይችላል፤ ሙያው የሁለት ዓይን ቅንጅትን ማከም ነውና። የትም ይሁኑ «የመነጽር ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሁለቱ ዓይኖቼ በቅርብ አብረው መሥራታቸውንም ይዩልኝ» ብለው በግልጽ ይጠይቁ፤ ካልጠየቁ ብዙ ጊዜ አይታይም።

የሚከተሉት ካሉ ልምምዱን ትተው ወዲያው ወደ ሐኪም ይሂዱ፦ በድንገት የመጣ ድርብ እይታ፣ የብርሃን ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ፣ የዓይን ሕመምና መቅላት፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የተፈጠረ ብዥታ፣ በልጅ ብሌን ላይ የሚታይ ነጭ ነጸብራቅ፣ አዲስ የታየ መንሸዋረር።

ልኬት፦ እርሳስና ማስመሪያ

ማስመሪያ፣ ጫፉ አካባቢ ትንሽ ፊደል የተጻፈበት እርሳስ፣ አንድ ረዳት ሰው። ለንባብ የሚያደርጉት መነጽር ካለ ያድርጉት። ማስመሪያውን በሁለቱ ዓይኖች መካከል ከአፍንጫ ግንድ ላይ ያስጀምሩ። እርሳሱን ከ40 ሴንቲ ሜትር አንሥቶ በቀስታ ወደ አፍንጫ ያቅርቡና ፊደሉ ሁለት የሚሆንበትን ርቀት ያንብቡ። ከዚያ ወደ ኋላ እየመለሱ እንደገና አንድ የሚሆንበትን ይያዙ። ሦስት ጊዜ ደጋግመው በደብተር ይመዝግቡ። ለልጆችና ለወጣቶች ከ6 ሴንቲ ሜትር በታች እስኪደርስ አንድ ሆኖ ከቆየ ጥሩ ነው፤ 6 እና ከዚያ በላይ ላይ ሁለት ከሆነ ሊሠራበት ይገባል።

ረዳቱ ለምን አስፈለገ? እርሳሱ ሲቀርብ የሚለካውን ሰው ዓይኖች እንዲመለከት ነው። አንዳንዴ አንዱ ዓይን ወደ ውጭ ሲሸሽ በግልጽ ይታያል፤ ሰውየው ግን «ሁለት አልሆነብኝም» ይላል። ውሸቱን አይደለም። አንጎሉ ድርብ ምስልን ከመታገሥ ይልቅ የአንዱን ዓይን መረጃ ዘግቶታል። ይህን ነገር አጥብቀው ይያዙት፤ በቤት የሚሠራ ልምምድ የሚከሽፈው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው። ድርብ ማየት በዚህ ሥራ ውስጥ ጠላት አይደለም፤ ሁለቱም ዓይኖች በሥራ ላይ መሆናቸውን የሚነግር ምስክር ነው።

ልምምድ አንድ፦ እርሳስ

1. ሁለት ሦስት ሜትር ርቆ በዓይንዎ ትክክል የሚታይ ምልክት ይምረጡ፦ የበር እጀታ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት።

2. እርሳሱን ክንድዎን ዘርግተው ከአፍንጫዎ ትይዩ፣ ከዓይን ጥቂት ዝቅ አድርገው ይያዙት። ፊደሉን ይመልከቱ። ፊደሉ አንድና ጥርት ያለ፣ ከኋላ ያለው ምልክት ደግሞ ሁለት ሆኖ መታየት አለበት። ምልክቱን በቀጥታ አይዩት፤ ሁለት መሆኑን በጎን ብቻ ይወቁት።

3. እርሳሱን ቀስ ብለው ወደ አፍንጫ ያምጡት፤ ከክንድ ርቀት እስከ አፍንጫ ድረስ አሥር ሰከንድ ያህል ይውሰድ። ፊደሉ ሁለት ሊሆን ሲል ይቁሙና መልሰው አንድ ለማድረግ ይጣሩ። ዓይን ሲጎተት ይሰማዎታል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

4. አንድ ከሆነ ጥቂት ሰከንድ ያቆዩትና ትንሽ ያቅርቡት። እምቢ ካለ አንድ እስኪሆን ያርቁትና እንደገና ይጀምሩ።

5. በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ ሩቁን ምልክት ለአምስት ሰከንድ ይመልከቱ። አሁን በተራው ምልክቱ አንድ፣ እርሳሱ ሁለት ይሆናል።

ከኋላ ያለው ምልክት ሁለት መሆኑ ቀርቶ አንድ ብቻ ከታየዎ አንዱ ዓይን ከሥራ ወጥቷል። እየተለማመዱ ያሉት በአንድ ዓይን ነውና እርሳሱን የፈለጉትን ያህል ቢያቀርቡት ዋጋ የለውም። ያቁሙ፤ ዓይንዎን ጥቂት ጊዜ ያርገብግቡ፤ ሁለቱ ምስሎች እስኪመለሱ እርሳሱን ያርቁ። ከዚያ ይቀጥሉ።

ልምምድ ሁለት፦ ሲባጎና ሦስት ዶቃ

አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። ልምምዱ በፍሬድሪክ ብሮክ፣ በስዊዘርላንድ ተወልዶ በአሜሪካ በሠራው የዓይን ባለሙያ ስም ይጠራል። የሚያስፈልገው ሦስት ሜትር ያህል ነጭ ሲባጎና ሦስት ቀለማቸው የተለያየ ዶቃ ነው። ዶቃ ከጠፋ ትልልቅ የኮት ቁልፎችም ይሆናሉ። ሲባጎውን በዶቃው ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ያሳልፉት፤ ሲገፋ ይሄዳል እንጂ በራሱ አይንሸራተትም። ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች ካሉ ከልምምድ በኋላ ከፍ አድርገው ያስቀምጡት፤ ዶቃው ወደ አፍ፣ ሲባጎው ወደ አንገት ይሄዳልና።

አንዱን ጫፍ በር እጀታ ላይ ይሰሩ፤ ሌላውን በጣትዎ ይዘው አፍንጫዎ ላይ ያሳርፉና ሲባጎውን ወጠር ያድርጉት። አንዱ ዶቃ ከፊትዎ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ሁለተኛው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ፣ ሦስተኛው ከበሩ አጠገብ ይሁን።

መካከለኛውን ዶቃ ይመልከቱ። ሁለቱም ዓይኖች ከሠሩ አንዱ ሲባጎ ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ሁለቱ መስመሮችም ልክ በዶቃው ላይ ይሻገራሉ፣ እንደ መስቀለኛ ምልክት። የሚያዩት ዶቃ አንድ፣ የፊተኛውና የኋለኛው ደግሞ ሁለት ሁለት ናቸው። ሩቁን ሲያዩ ሁለቱ መስመሮች ከአፍንጫዎ ግራና ቀኝ ተነሥተው በሩ አጠገብ ይገናኛሉ። ቅርቡን ሲያዩ በቅርቡ ዶቃ ላይ ተሻግረው ወደ በሩ እየሰፉ ይሄዳሉ።

የዚህ መሣሪያ ጥቅም ስህተቱን ራሱ መናገሩ ነው። መስመሮቹ ከዶቃው በፊት፣ ወደ እርስዎ ቀርበው ከተሻገሩ ዓይኖችዎ ከሚገባው በላይ ወደ ውስጥ ዞረዋል። ከዶቃው ኋላ ከተሻገሩ በቂ አልዞሩም፤ ድካም ያለበት ሰው በቅርቡ ዶቃ ላይ የሚያየው ይህን ነው። አንድ መስመር ብቻ ከታየ አንዱ ዓይን ተዘግቷል፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ተራ በተራ ይጨፍኑ። ሲጨፍኑት የሚታየው ነገር ሁሉ ሳይለወጥ የቀረው ዓይን ነው ከሥራ የወጣው። የክፍሉን ብርሃን መጨመር፣ ማርገብገብ፣ ሲባጎውን በጣት መታ መታ አድርጎ ማንቀጥቀጥ የጠፋውን መስመር ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ መስቀለኛውን በእያንዳንዱ ዶቃ ላይ ማግኘትና አምስት ሰከንድ ማቆየት ብቻ ነው። አይቸኩሉ። ከዚያ ዝላይ ይመጣል፦ ሩቅ፣ መካከል፣ ቅርብ፣ መካከል፣ ሩቅ። በየዶቃው መስቀለኛው እስኪቆም ሳይጠብቁ ወደሚቀጥለው አይለፉ። ይህ ሲቀልልዎ ቅርቡን ዶቃ በየጥቂት ቀኑ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ አፍንጫ ይግፉት። በመጨረሻም ዶቃ የሌለበት ቦታ ላይ ይለማመዱ፤ አንዲት ጉንዳን ከበሩ ተነሥታ በሲባጎው ላይ ወደ እርስዎ ስትመጣ በሐሳብዎ ይከተሏት፣ መሻገሪያውም አብሯት ይምጣ። ይህ ከሁሉ ይከብዳል። ሲችሉት ግን ዓይንዎን ያለ ምንም መደገፊያ በፈቃድዎ ማዞር ችለዋል ማለት ነው።

ልምምድ ሦስት፦ የፊደል ገበታ

ይህ የሌንሱን ማስተካከል ያሠለጥናል፤ ከሰሌዳ ወደ ደብተር ቀና ጎንበስ ሲል ለሚደበዝዝበት ተማሪ የተሠራ ያህል ነው። ሁለት ገበታ ያዘጋጁ፦ አንዱን ትልልቅ ፊደል ጽፈው ሦስት ሜትር ላይ ይለጥፉ፤ ሌላውን የመጽሐፍ ፊደል በሚያህል ጽፈው በእጅዎ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ይያዙ። በእያንዳንዱ ላይ አሥር ረድፍ፣ በየረድፉ አሥር ፊደል ይበቃል።

ግን «ሀ ሁ ሂ ሃ» ብለው በተራ አይጻፉ። ሁላችንም በቃላችን ስለምናውቀው ዓይን ሳያይ አፍ ይቀድማል። የቆሎ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ከማንም በፊት ያውቁት ነበር፤ ልጁ ፊደሉን ለይቶ ይሁን በዜማ ይዞት ለማወቅ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያሉ አዘበራርቀው ያስቆጥሩታል። እርስዎም ከዚያ በላይ ያዘበራርቁት፤ በተለይ ጸ እና ጾን፣ ሰ እና ሸን፣ በ እና ቦን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጡ። ጥርት ብሎ ካልታየ አይለዩም።

አንዱን ዓይን በመዳፍዎ ይሸፍኑ፤ ሳይጫኑት። ከሩቁ ገበታ የመጀመሪያውን ረድፍ፣ ከቅርቡ ሁለተኛውን፣ ከሩቁ ሦስተኛውን እያሉ ይውረዱ። ፊደሉ ጥርት ከማለቱ በፊት ገምተው አይጥሩ፤ የልምምዱ ፍሬ ያለው በዚያች ማጥሪያ ቅጽበት ውስጥ ነውና። ሌላውን ዓይን ይድገሙ፤ መጨረሻ ላይ በሁለቱም። የወሰደብዎትን ጊዜ ይመዝግቡ። ሲቀል ቅርቡን ገበታ ወደ ዓይን ያስጠጉ። ዕድሜዎ ከ40 በላይ ከሆነ ይህን ልምምድ ይዝለሉት።

በሩቁ ገበታ ላይ ብቻ የሚሠራ አጭር ጭማሪ አለ፦ ጭንቅላት ሳይንቀሳቀስ የየረድፉን የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደል ብቻ እየዘለሉ ማንበብ። መስመር የሚስት አንባቢን ዓይን ዝላይ ያስተካክላል ይባላል፤ ማስረጃው ግን ከላይ እንዳሉት ጠንካራ አይደለም። ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል።

መቼና ምን ያህል

በቀን 15 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለ12 ሳምንት። አምስት ደቂቃ ለእርሳሱ፣ ስድስት ሰባት ለሲባጎው፣ ቀሪው ለገበታው። ልጅ ከትምህርት ቤት ደክሞ እንደገባ ወይም ሊተኛ ሲል አያሠሩት፤ ያን ሰዓት የሚያገኙት ልቅሶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጠነኛ የግንባር መክበድ ያጋጥማል። ልምምዱ ካለቀ በኋላ ቶሎ የማይለቅ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ ወይም ቀኑን ሙሉ የሚቆይ ድርብ እይታ ካለ ግን ያቁሙና ባለሙያ ያማክሩ። ርቀቱን በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት ይለኩ፤ ጠዋት የተለካና ማታ የተለካ አይነጻጸርም።

ኮምፒውተር ላይ የሚውል ሰው ከዚህ ሁሉ በፊት ሁለት ነገር ያስተካክል። በየ20 ደቂቃው ስድስት ሜትር የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ ይመልከት። ማርገብገብንም ያስብበት፤ ስክሪን ላይ ስናፈጥ የምናርገበግበው በእጅጉ ይቀንሳልና ዓይን ይደርቃል። ያ ማቃጠል የድርቀት እንጂ የጡንቻ ድክመት አይደለም፤ እርሳስም አይፈውሰውም።

የሰነፍ ዓይን ጉዳይ

አንዱ ዓይን በልጅነቱ በደንብ ማየት ሳይማር የቀረበት ልጅ ከላይ ባሉት ልምምዶች አይታከምም። መጀመሪያ ትክክለኛ መነጽር ይታዘዝለታል፤ ለብዙ ልጆች ይህ ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ካልበቃ ጤነኛው ዓይን በቀን ለተወሰነ ሰዓት ይሸፈናል። መካከለኛ ደረጃ ላይ ላሉ ልጆች በቀን ሁለት ሰዓት መሸፈን ስድስት ሰዓት ከመሸፈን እንደማያንስ በ2003 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል። ሰዓቱን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው፤ ወላጅ በራሱ ፈቃድ ቢያራዝመው ጤነኛውን ዓይን ሊጎዳ ይችላል። ሕክምናው ከሰባት ዓመት በፊት ሲጀመር ይበልጥ ይሠራልና «ሲያድግ ይተወዋል» ለሚል ጎረቤት ጆሮ አይስጡ።

የማይሠሩ፣ አንዳንዶቹም የሚጎዱ

መዳፍ አሙቆ ዓይን ላይ ማድረግ ያሳርፋል፤ የመነጽር ቁጥር አይቀንስም። ፀሐይን ማፍጠጥ ግን፣ ማለዳም ይሁን ማታ፣ የዓይንን የውስጠኛ ግድግዳ ያቃጥላል፤ ጉዳቱም ላይመለስ ይችላል። ሁለቱንም ያስፋፋው ዊልያም ቤትስ የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት የነዛው ሐሳብ እስከ ዛሬ በየስልኩ ይዞራል። ዓይንን በጣት መጫንና ቅጠል ጨምቆ ዓይን ውስጥ መጨመርም ከዚሁ ተራ የሚቆጠሩ ናቸው።

ከ12 ሳምንት በኋላ

እርሳሱ በተከታታይ ልኬቶች ከ6 ሴንቲ ሜትር በታች ድረስ አንድ ሆኖ ከቆየ፣ በሲባጎው ላይም መስመር ሳይጠፋ መዝለል ከቻሉ፣ ልምምዱን በአንድ ጊዜ አይጣሉት። ለጥቂት ወራት በሳምንት አንድ ሁለቴ ይሥሩ፤ በየወሩ ይለኩ። ቁጥሩ ተመልሶ ከፍ ካለ የዕለት ተዕለቱን እንደገና ይጀምሩ። ምንም ካልተለወጠ ደግሞ ቀጣዩ መንገድ በክሊኒክ በባለሙያ የሚመራ ሕክምና፣ ለአንዳንድ አዋቂዎችም ለንባብ የሚሆን ፕሪዝም (ብርሃንን የሚያጥፍ መስታወት) ያለው መነጽር ነው። ያን ጊዜ የየሳምንቱን ልኬት የመዘገቡበትን ደብተር ይዘው ይሂዱ፤ በሲባጎው ላይ የትኛው መስመር እንደሚጠፋብዎ፣ መሻገሪያው ከዶቃው በፊት ይሁን በኋላ እንደሚሆንም ጽፈው ይስጡ። ባለሙያው ሕክምናውን ከየት እንደሚጀምር ለመወሰን ይጠቅመዋል።